ከመርከብ ቀድሞ መውረድ፦ ሳንቶሪኒ ላይ ወረፋው በሩ ላይ አይደለም

ጥያቄ፦ «ሴፕቴምበር ላይ ከባለቤቴ፣ ከልጄና ከእናቴ ጋር የ7 ሌሊት የመርከብ ጉዞ ይዘናል። ከሮም ወደብ ከቺቪታቬኪያ ተነስተን ሳንቶሪኒ (ግሪክ)፣ ኩሻዳሲ (ቱርክ)፣ ሚኮኖስ (ግሪክ) እና ናፖሊ ነን። የመርከቡን ጉብኝት አልገዛንም፣ ዋጋው አይቀመስም። ሳንቶሪኒ 7፡00 ገብተን 18፡00 እንነሳለን። የግል ሾፌር ይዣለሁ፣ 7፡30 ወደብ ላይ ይጠብቀናል። ኦያ የሚባለውን የደሴቱን መንደር ሰው ሳይሞላው ማየት ነው ሐሳባችን። አንዷ ጓደኛዬ ‹በሩ ላይ ቀድማችሁ ቁሙ፣ ያወርዷችኋል› አለችኝ። ሌላዋ ‹ቅድሚያ የሚባለውን ግዢ› አለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹የመርከቡን ጉብኝት ያልገዛ ሰው እስከ ቀትር አይወርድም› ይላል። ማን ነው ልክ? እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው የያዘችው፣ እኛ የአሜሪካ ዜጎች ነን።»

ሦስቱም ልክ አይደሉም። ወደ እውነቱ የሚጠጋው ባለቤትዎ ነው፣ እሱም አጋኖታል። ከሦስቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሾፌሩ ነው። «ወደብ ላይ» ብሎ ከቀጠራችሁ፣ እሱ የሚቆምበት ወደብና እናንተ የምትወርዱበት ወደብ አንድ አይደሉም። ወደዚህ እመለሳለሁ። ሰዓቱን ሁሉ እንደ ጥያቄው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ 7፡00። ይህ መርከቡ ቦታው ይደርሳል ተብሎ የታቀደበት ሰዓት ነው፣ እግራችሁ መሬት የሚረግጥበት አይደለም። መርከቡ እንደደረሰ የድርጅቱ የወደብ ወኪል ወረቀቶቹን ይዞ ከባለሥልጣናቱ ጋር ይጨርሳል። የተሳፋሪና የሠራተኛ ስም ዝርዝር አለ፣ የጤና መግለጫ አለ። እነሱ «ይውረዱ» እስኪሉ ካፒቴኑም ቢሆን ማንንም አያወርድም። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። አንዳንድ ቀን ሁሉም ነገር ቀድሞ ተልኮ ስለሚያልቅ ወዲያው ይከፈታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድ ወረቀት ሳይገጥም ይቀርና 3,000 ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ መርከቡ በገባ በ30 ደቂቃ ቀጠሮ መያዝ ሳንቶሪኒ ቀርቶ የትም አያስኬድም።

ከዚያ በኋላ ያለው በወደቡ ዓይነት ይወሰናል።

መርከቡ ከመሬት ጋር በሚታሰርበት ወደብ ላይ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ኩሻዳሲና ናፖሊ እንዲህ ናቸው። ፈቃዱ እንደተገኘ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ መውረጃው ድልድይ ይከፈታል፣ ጉብኝት የገዛውም ያልገዛውም እኩል ይወርዳል። የክፍላችሁን ካርድ ማሽኑ ላይ ስታስነኩ ቲንግ ይላል፣ ፎቷችሁ ጥበቃው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ በቃ ወጣችሁ። ቲኬት የለም፣ ተራ ቁጥር የለም። መውረጃው ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሚከፈት ከዋዜማው እዩ፤ በመርከቡ መተግበሪያ ወይም ማታ ክፍላችሁ በሚቀመጠው የዕለት ፕሮግራም ላይ ይጻፋል። መራመድ የሚችል ሰው ሊፍት ባይጠብቅ ይሻለዋል፤ በዚያ ሰዓት ሊፍቱ በየፎቁ እየቆመ፣ ሞልቶ ነው የሚደርሰው። ከእናትዎ ጋር ግን ማስታወቂያው ከተነገረ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ቡና እየጠጣችሁ ቆዩና በሊፍት ውረዱ። የመጀመሪያው ግርግር በዚያች ጊዜ ውስጥ ይተናል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ጉዞ በጠዋት መውረድ የሚያዋጣው ኩሻዳሲ ላይ ነው። የጥንቷ ከተማ የኤፌሶን ፍርስራሽ ከወደቡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ከረፋዱ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይጋግራል። እናትዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆኑ ደግሞ ቦታውን መንገር አያስፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ431 የተደረገው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከተቀበለቻቸው ሦስት ጉባኤያት ሦስተኛው፣ እዚያው ነው የተካሄደው። ጉልበታቸው በጠዋት ያለውን አቅም ለዚያ ቢያውሉት ይሻላል። ሚኮኖስ እንደ መርከቡ ይለያያል፤ ቱርሎስ በሚባለው አዲሱ ወደብ ከታሰረ እንደ ኩሻዳሲ ነው፣ ካልታሰረ እንደ ሳንቶሪኒ ነው።

ሳንቶሪኒ ሌላ ታሪክ ነው። ገደሉ ሥር የምታዩት ባሕር የጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው። በጣም ጥልቅ ነው፣ እንደናንተ ዓይነት መርከብ የሚታሰርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መርከቦቹ ከፊራ ከተማ በታች ውኃው ላይ ይቆማሉ፣ ሰው በጀልባ ይወርዳል። በብዙ ወደቦች የመርከቡ የራሱ ጀልባዎች ናቸው የሚያመላልሱት። እዚህ ግን ሥራው የደሴቱ ጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ነው፣ ስንት ጀልባ ስንት ሰዓት ይቀርባል የሚለውም በመርከቡ እጅ ብቻ አይደለም። መርከባችሁ 3,000 ሰው ከያዘና አንድ ጀልባ 100 ሰው ከጫነ 30 ምልልስ ነው። የናንተ ጥያቄ ከ30ው ስንተኛው ላይ እንሳፈር የሚል ነው።

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው መርከብ ላይ አንድ ነው። መጀመሪያ በመርከቡ በኩል ጉብኝት የገዙት ይወርዳሉ። ከነሱ ጋር ወይም ተከትለው ትልልቆቹን ክፍሎች የያዙት፣ የረጅም ጊዜ ደንበኞችና ቅድሚያ የገዙት። ቀጥሎ በራሳቸው የሚወርዱት፣ በቲኬት ቁጥር። በመጨረሻ ቲኬቱ ይቀርና ማንም ሰው ወርዶ ያገኘው ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከ10፡00 ወይም ከ10፡30 በኋላ ነው። ባለቤትዎ «እስከ ቀትር» ያሉት እዚህ ላይ ነው የተጋነነው። የመጀመሪያዎቹ ቲኬት ቁጥሮች ሳንቶሪኒ ላይ ከ8፡15 እስከ 9፡00 ባለው ጊዜ ጀልባ ላይ ቢሆኑ ደህና ቀን ነው።

ጉብኝት የገዙት ለምን ይቀድማሉ? ንግድ የለበትም አልልም፤ ሰው ይህን አይቶ ጉብኝት እንዲገዛ ይፈልጋሉ። ግን ሌላም ምክንያት አለው። አውቶቡሶቹ ተከራይተው ቆመዋል፣ አስጎብኚዎቹ ሰዓት እየቆጠሩ ነው፣ የመጀመሪያው ቡድን ከዘገየ ቀኑ ሙሉ ይዘገያል። ለዚያ ደግሞ ተጠያቂው መርከቡ ነው። ለናንተ ሾፌር ግን ማንም ተጠያቂ አይደለም። በራስ መሄድ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በሩ ላይ መቆም አይረባችሁም። መውረጃው ፎቅ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ የሚያየው ፊታችሁን ሳይሆን ቁጥራችሁን ነው። ቁጥር የሌለውን በፈገግታ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ደረጃው ላይ ተኮልኩሎ መጠበቅ ደግሞ ለታመመ ጉልበት ቅጣት ነው። የምትሰለፉበት ቦታ ሌላ ነው፤ ቲኬቱ የሚታደልበት። ብዙ ጊዜ ቲያትሩ ወይም አንዱ ሳሎን ውስጥ ነው። ሰዓቱና ቦታው በዋዜማው ይጻፋል፣ አንዳንድ መርከብ ደግሞ በስልክ መተግበሪያ ያድላል። ማደል ከሚጀመርበት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ፣ ያውም አራታችሁም። አንድ ሰው ልኮ ለቤተሰብ ማስወሰድ ብዙ መርከብ ላይ አይቻልም። ጀልባ የመውጣት ዝግጅታችሁንም ጨርሳችሁ ሂዱ፦ ካርድ፣ ኮፍያ፣ ውኃ፣ መድኃኒት። ቁጥራችሁ ሲጠራ «ቆይ ክፍል ደርሼ ልምጣ» ያለ ሰው ቀጣዩን ጀልባ ነው የሚያገኘው። ቁርስን በተመለከተ፣ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለና እናትዎ ከጾሙ አንዱ ወረፋ ቀረላችሁ። የቀራችሁት ከማታው ፍራፍሬና ዳቦ ክፍል አስቀምጡ።

ቅድሚያ ስለመግዛት። አለ፣ ውሸት አይደለም። ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ድርጅት «ፋስተር ቱ ዘ ፈን» ብሎ በክፍል ይሸጣል። ሮያል ካሪቢያን «ዘ ኪይ» የሚለው በሰው ነው፤ በአንድ ክፍል ያሉ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ መግዛት አለባቸው። በኤምኤስሲና በኖርዌጂያን ትልልቅ መርከቦች ላይ ደግሞ ለብቻ በተከለሉት ውድ ክፍሎች ያሉ እንግዶች ይቀድማሉ። ግን ምን እንደምትገዙ እወቁ። ቅድሚያው ከራሳችሁ መርከብ ሰው ያስቀድማችኋል። የወደብ ፈቃዱን አያፋጥንም። አጠገባችሁ ከቆመው ሌላ መርከብ ሰው አያስቀድማችሁም። መሬት ስትደርሱ ከሚጠብቃችሁ ወረፋም አያሳልፋችሁም። የምትከፍሉት ለሙሉ ጉዞው ነው፣ የሚጠቅማችሁ ግን አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ለናንተ ጉዞ አትግዙት እላለሁ።

ሌላም ብልሃት ይወራል፦ ርካሹን የመርከብ ጉብኝት ገዝቶ፣ ከነሱ ጋር ቀድሞ ወርዶ፣ መሬት ላይ ሹልክ ማለት። በአንዳንድ ወደብ ይሠራል። ሳንቶሪኒ ላይ ግን የምታርፉበትን ቦታ ይለውጠዋል፣ ወደ ሾፌሩ ጉዳይ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ሳንቶሪኒ ላይ የመርከብ ሰው የሚወርድባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው አቲኒዮስ ነው። የፌሪ ወደብ ነው፣ ጠመዝማዛ የመኪና መንገድ አለው፣ አውቶቡስና ታክሲ ይገባዋል። የደሴቱ ሰው «ወደብ» ሲል ብዙ ጊዜ እሱን ነው። የመርከቡን ጉብኝት የገዙት የሚወሰዱት ወደዚያ ነው። ሁለተኛው ከፊራ ሥር ያለው አሮጌው ወደብ ነው። በራሳችሁ የምትወርዱት እናንተ የምትደርሱት እዚህ ነው። አሮጌው ወደብ የመኪና መንገድ የለውም። ጥቂት ቡና ቤቶች፣ ጠባብ መራመጃ፣ ከጀርባው ቀጥ ያለ ገደል። ሾፌራችሁ ቢፈልግም ሊደርስ አይችልም። እሱ 7፡30 አቲኒዮስ ቆሞ ይደውላል፣ እናንተ ገና ቲያትር ውስጥ ቁጥር ይዛችሁ ተቀምጣችኋል፣ ስትወርዱም ሌላ ቦታ ናችሁ። ጉብኝት ገዝታችሁ አቲኒዮስ ላይ ሾፌሩ መኪና ውስጥ ብትገቡ በሕግ የሚከለክላችሁ የለም። ግን ለአራት ሰው ጉብኝትና ለሾፌር ሁለቴ መክፈል ነው፣ ያውም አስጎብኚዋ የጎደሉትን አራት ሰዎች አውቶቡስ አቁማ እየፈለገች።

አሁን ወደ ዋናው ወረፋ። ከአሮጌው ወደብ ወደ ፊራ የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው፦ በኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ካቢኔ)፣ በ588 ደረጃዎች በእግር፣ ወይም በዚያው ደረጃ ላይ በበቅሎና በአህያ። ኬብል ካሩ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጅበት፣ ከተሳፈሩ በኋላ። አቅሙ ግን በሰዓት ወደ 1,200 ሰው ነው። ከ2025 ጀምሮ ደሴቱ በቀን ከ8,000 በላይ የመርከብ ተሳፋሪ እንዳይቀበል ተገድቧል። ገደቡ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን 8,000ን ለ1,200 አካፍሉት። ሁሉም በኬብል ካር አይወጣም፣ በአቲኒዮስ የሚሄድ አለ። ሲመለስ ግን የጉብኝቱ ሰው ጭምር ከፊራ በዚያው ኬብል ካር ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው ጠዋት ወደ ላይ ያለው ሰልፍ ሲያናድድ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ያለው ግን መርከብ የሚያስመልጠው።

በቅሎውን እርሱት። «እናቴ ገጠር ነው ያደገችው፣ በቅሎ ታውቃለች» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚያውቁት በቅሎ በሜዳ የሚሰግረውን ነው። ይኼኛው በፋንድያ የረጠበ ድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ከሌሎች ጋር እየተጋፋ፣ ጎኑን ግንብ እያስታከከ ነው የሚወጣው። በእግር መውረድም ለእናትዎ አይሆንም፤ ጉልበት ይበልጥ የሚጎዳው መውረዱ ነው።

ለናንተ የምመክረው ኬብል ካሩን ስትወጡ ጨርሶ መተው ነው። አሮጌው ወደብ ላይ እንደወረዳችሁ በባሕር ወደ ኦያ የሚወስዱ ጀልባዎችን ቲኬት የሚሸጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ጀልባው ከኦያ ሥር ወዳለችው ትንሽ የዓሣ ወደብ፣ አሙዲ፣ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወደ ኦያ የሚያወጣ አውቶቡስ አብሮ ይሸጣል። አሙዲ የመኪና መንገድ አለው። ሾፌራችሁ ሊቀበላችሁ የሚችለው እዚያ ነው። 10፡00 ላይ አሙዲ ቅጠሩት። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ባሕሩ ዳር ቡና አለ። ከዘገያችሁም እሱ በመኪና ነው፣ ይጠብቃል። ኦያ ላይ ዋናው የእብነ በረድ መንገድ በአመዛኙ ሜዳ ነው፣ እናትዎ ቀስ እያሉ ይሄዱታል። ወደ ጎን የሚወርዱት ደረጃዎች ናቸው አሳሳቾቹ።

የጠየቃችሁኝ ሰው ያልሞላበትን ኦያ ነው። እሱን በመርከብ የመጣ ሰው አያየውም። ባዶ ኦያን የሚያየው እዚያው ያደረ ሰው ነው። እናንተ ማግኘት የምትችሉት ከቀትሩ ትርምስ የቀለለ ኦያ ነው፣ እሱም አይናቅም። በዚያ ቀን ስንት መርከብ እንደሚገባ የወደቡ የመርከቦች መርሐ ግብር በኢንተርኔት ይታያል። እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሦስት ወይም አራት ትልልቅ መርከብ ካለ የምላችሁን የመመለሻ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ቀድሙት።

መመለሻው ላይ ቀልድ የለም። መርከቡ 18፡00 ይነሳል ማለት የመጨረሻው ጀልባ 17፡00 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ትክክለኛው ሰዓት በዕለቱ ፕሮግራም ላይ አለ። እናንተ 14፡30 ላይ ፊራ ኬብል ካር ሰልፍ ውስጥ ሁኑ። ምሳ ከሾፌሩ ጋር በልታችሁ፣ 13፡45 ላይ ፊራ ያድርሳችሁ። ሰዓት ከተረፋችሁ እናትዎ የፊራን ትልቁን የኦርቶዶክስ ካቴድራል ገብተው ሻማ ያብሩ። ሰልፉ አጭር ከሆነም የሚጎዳ ነገር የለም፣ አሮጌው ወደብ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ጀልባ ትመርጣላችሁ። መርከቡ የሚጠብቀው የራሱን ጉብኝት የገዙትን ነው። በራሱ የወጣውን አይጠብቅም፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሱ ወጪ ይከተላል። የናንተ ቀጣይ ወደብ ደግሞ ቱርክ ነው፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ድንበር። ከሳንቶሪኒ ቀጥ ብሎ ኩሻዳሲ የሚያደርስ ነገር ፍለጋ ከደከመች እናት ጋር መውጣት አትፈልጉም።

ሰዓታችሁንም ልብ በሉ። ግሪክ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ ሰዓቱን መቼ እንደሚቀይር ማታ ይነግራል። ስልካችሁ በራሱ ሊቀይር ይችላል፣ ላይቀይርም ይችላል፣ አጠገቡ የቆመውን የሌላ አገር ኔትወርክ ሰዓትም ሊያሳያችሁ ይችላል። የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት አስተካክላችሁ እሱን ብቻ እመኑ። ለእናትዎ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ንገሯቸው። «2 ሰዓት ተኩል ላይ ኬብል ካሩ ጋ እንገናኝ» ብላችሁ እሳቸው ጠዋት የሚመስላቸው ከሆነ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ማለት ነበረባችሁ።

የእናትዎ ጉልበት ጉዳይ ጀልባው ላይም አለ። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ከመርከቡ ወደ ጀልባው የአንድ እርምጃ ክፍተት አለ። ሁለት ሠራተኞች ግራና ቀኝ ክንድ ይይዛሉ፤ ያኔ «ደህና ነኝ፣ አትያዙኝ» ማለት የለም። የመጀመሪያው ቀን እንግዳ ተቀባይ ክፍል ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የሚቀመጡበት ቦታ ይሰጧቸዋል፣ ደረጃ ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ ያደርጓቸዋል። በከዘራ የሚሄድ ሰው ይሳፈራል። ያቺን እርምጃ በራሱ መራመድ የማይችልን ግን ባሕሩ ሻካራ ከሆነ ሊከለክሉት ይችላሉ፣ መብታቸውም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእናትዎን ፓስፖርት አሁኑኑ እዩት። ግሪን ካርድ አውሮፓ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ያውም አንዴ መግቢያ ብቻ የሆነው አይበቃም። ጣሊያን ገብታችሁ፣ ግሪክ ሄዳችሁ፣ ኩሻዳሲ ላይ ከሸንገን ወጥታችሁ፣ ሚኮኖስ ላይ እንደገና ትገባላችሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቁ። የቱርክን ደግሞ ለብቻው ከመርከብ ድርጅቱ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የስልክ መልስ ቺቪታቬኪያ ላይ አያገለግልም። ወረቀቱ ካልተሟላ እናትዎ የሚቀሩት ሳንቶሪኒ ላይ ሳይሆን መሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በየወደቡ ስትወርዱ ግሪን ካርዱ ክፍል ካለው ካዝና አይውጣ። የፓስፖርት ኮፒና የስልክ ፎቶ ይበቃል፣ ፕሮግራሙ ኦሪጅናል አምጡ ካላለ በቀር። የዕለቱን ፕሮግራም ገጽ ፎቶ አንሱት። የወደብ ወኪሉ ስልክ እዚያ ላይ አለ፣ ብትቀሩ የምትደውሉት ለሱ ነው።

ሒሳባችሁ ላይ አንድ ክፍያ ብታዩ አትደንግጡ። ግሪክ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በመርከብ ለሚመጣ ሰው የወደብ ክፍያ ታስከፍላለች። ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በነፍስ ወከፍ 20 ዩሮ ነው። ቅድሚያ አይገዛም፣ ጉብኝትም አይደለም፣ ማንም ይከፍለዋል።

የመጨረሻው ነገር ነፋስ ነው። በአውሮፓ በጋ የኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ሴፕቴምበርም ላይ ይመጣል። ሲበረታ ካፒቴኑ ጀልባ ማውረዱን ይሰርዛል፣ መርከቡ ደሴቱን አይታችሁ ብቻ እንድታልፉ ያደርጋል። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ገንዘቡ ይመለስለታል። የናንተ የሚመለሰው ከሾፌሩ ጋር የተስማማችሁት ከሆነ ብቻ ነው። መካከለኛ ነፋስ ሲሆን ደግሞ መርከቡ ያወርዳችሁና የኦያ ጀልባዎች ላይሠሩ ይችላሉ። ያኔ ኬብል ካር ተሰልፋችሁ ወደ ፊራ ትወጣላችሁ፣ ሾፌሩም ፊራ አውቶቡስ ተራ ይመጣል።

ስለዚህ ለሾፌሩ ዛሬውኑ ጻፉለት። የ7፡30ውን ቀጠሮ ሰርዙት። የመርከቡን ስም ንገሩት፣ በአሮጌው ወደብ እንደምትወርዱ ንገሩት፣ 10፡00 አሙዲ፣ ጀልባ ከሌለ 10፡30 ፊራ አውቶቡስ ተራ በሉት። መርከቡ ሳንቶሪኒ ካልቆመ ሙሉ ገንዘቡን እንደሚመልስ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሾፌር ፈልጉ፤ ይህን የማይቀበል ሰው የመርከብ እንግዳ ማስተናገድ ሥራው አይደለም።